ጆሮ የሌለው ኩባያ

«ለክቡራን አብራሪዎች በሙሉ! ላለፉት ሰባት ዓመታት በአብራሪዎች ማረፊያ ክፍል፣ በሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከስኳሩ ጣሳ በስተግራ በክብር ተቀምጦ የኖረው፣ ጆሮው የተሰበረ ነጭ ኩባያ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ከመኖሪያው የተሰወረ መሆኑን የምንገልጸው በጥልቅ ኀዘን ነው። በጎኑ ላይ ምንነታቸው በውል የማይታወቅ አንድ አውሮፕላንና አንድ ደመና ተስለውበታል። ያለበትን የሚያውቅ ለባለቤቱ ቢጠቁም ወሮታው በምስጋና ይከፈለዋል፤ ወስዶት የተገኘ ግን በምድርም በሰማይም ይጠየቃል። በተለይ በሰማይ።»

ከስር የሽማግሌው ካፒቴን ፊርማ አለ፤ ትልቅና ወደ ላይ የሚወጣ።

አብራሪዎችን በበረራ ላይ የሚፈትነው ካፒቴን፣ ፈታኙ፣ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበው። በመጀመሪያው ሳቀ። በሁለተኛው «ምንነታቸው በውል የማይታወቅ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ሳቁን አቆመ። ኩባያው በዚያች ደቂቃ በንጹሕ ካልሲ ተጠቅልሎ፣ ትከሻው ላይ በተንጠለጠለው ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ነበር።

የሌብነቱን ነገር ከወዲሁ እንጨርሰው። ፈታኙ የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነው፤ ባለትዳር ነው፤ ሆቴል ሲያድር እንኳ የሳሙና ፍርፋሪ ይዞ ወጥቶ አያውቅም። ከትናንት በስቲያ ግን ማረፊያ ክፍሉን ባዶ ሆኖ ሲያገኘው፣ እጁ በራሱ ጊዜ ሄዶ ኩባያውን አነሳና ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ምክንያቱም ኩባያው ላይ፣ ጭራውን እንደፈራ ውሻ ቆልፎ አንዲት ትንሽ ደመና የሚዞረው አውሮፕላን እሱ ራሱ ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት ረዳት አብራሪ ነበር። ትከሻው ላይ ሦስት የወርቅ መስመር አለው፤ አራተኛዋን፣ የአዛዥነቷን፣ ለመቀበል ሁለት ወር ቀርቶታል። በዚያ ሰሞን ከሽማግሌው ካፒቴን ጋር ውቅያኖሱን ሲያቋርጡ ማዕበል ያዘለ ደመና እንደ ግንብ ተሰልፎ ጠበቃቸው። ካፒቴኑ በመሃል ባለችው ክፍተት ሾልከን እንለፍ አለ። ረዳቱ ስልሳ ማይል እንዙር አለ። ካፒቴኑ ሳቀ። ረዳቱ አልሳቀም፤ «ተቃውሞዬ በድምፅ መቅጃው ይመዝገብልኝ» ብሎ ድርቅ አለ። ዞሩ። በመዞራቸው ነዳጅ አጠራቸውና አንዲት ደሴት ላይ አርፈው ሲቀዱ አምስት ሰዓት ዘገዩ። የአንድም ሰው አፍንጫ አልደማም። ካፒቴኑ ግን እንደተመለሰ ስለ ረዳቱ በጻፈው ሪፖርት መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ጣል አደረገ፤ «ደመና ሲያይ ይደነግጣል፤ ለአዛዥነት አልበሰለም።»

ያቺ የሪፖርት መስመር ከሹመቱ አራት ዓመት በላች። በዚያው ሳምንት አንድ ሥራ የፈታ ቀልደኛ መካኒክ ኩባያውን አስሎ ለካፒቴኑ አበረከተለት፤ ካፒቴኑም ለረዳቱ «ዙሪያ ጥምጥም» የሚል ስም አወጣለት። ስሙ ሲውል ሲያድር «ጥምጥም» ብቻ ሆነ። ዛሬ አዲስ የተቀጠሩት ሳይቀሩ ካፒቴን ጥምጥም ይሉታል፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን የለም።

ይህም ሁሉ ባልከፋ። አባቱ ናቸው ነገሩን ያከፉት። አባቱ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። ዝናብ ሲጥልና የታችኛው መንገድ ጎርፍ ሲሞላው በላይኛው ይዞሩ ነበር፤ ተሳፋሪውም የስድብ መዓት ያወርድባቸዋል። ቤት ሲገቡ «ዛሬ ስድብ ጠግቤ መጣሁ» ይሉና ይስቃሉ። «የሰደበኝ ሁሉ ቤቱ ገብቷል ማለት ነው።» በስተርጅና ዓይናቸው ጠፋ። ልጃቸው ከበረራ ሲመጣ ትከሻውን እየዳሰሱ መስመሮቹን ይቆጥራሉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።» ጣታቸው ከሦስተኛዋ አልፎ ባዶ ጨርቅ ላይ ትንሽ ይቆይና ይመለሳል። «ግድ የለም፣ ትመጣለች» ይላሉ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ሐኪሞቹ ቤተሰቡን ኮሪደር ላይ ሰብስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ሲጀምሩ፣ ልጁ ወደ እታለም ሄደ። እታለም የበረራ አስተናጋጆቹ አለቃ ናት፤ እናቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ የለም፣ ሁሉም እታለም ይላታል። እታለም በአውሮፕላኑ ማዕድ ቤት ቆማ፣ ከአሮጌ መለዮ የተፈታ የወርቅ ጥብጣብ በሦስቱ ላይ ጨምራ ሰፋችለት። አባቱ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው ቆጠሩ። «አራት» አሉ። እንደገና ቆጠሩ። «ይቺኛዋ ክሯ ገና ሻካራ ነው» ብለው ፈገግ አሉ። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ካፒቴኑ መስመሯን ስላዘገየበት ፈታኙ ይቅር ሊለው ይችል ነበር። የሚሞት አባቱን እንዲዋሽ ስላደረገው ግን አላለውም። ደግሞም አልጮኸም፣ አልተሳደበም፣ ክስ አልጻፈም። ቂሙን እንደ በረራ ሰነድ በቅደም ተከተል አስቀመጠው። በኋላ ካፒቴን ሆነ፤ ቆይቶም ሌሎች ካፒቴኖችን በበረራ ላይ የሚፈትን ፈታኝ ሆነ። የሽማግሌው ካፒቴን የመጨረሻ ፈተና መድረሱን ሲሰማ ሌላ ፈታኝ ተመድቦ ነበር፤ ያንን ሰው ለምኖ፣ ሁለት የበዓል በረራ ሊሸፍንለት ተስማምቶ ተለዋወጠው። ይህን ፈተና ካለፈ ሽማግሌው በሁለት ወር ውስጥ የሥልጠና ኃላፊ ሊሆን ነው። አራተኛዋ መስመር ለማን እንደምትሰጥና ለማን እንደምትከለከል የሚወስነው እሱ ሊሆን ነው።

ፈታኙ ኩባያውን በቦርሳው፣ የፈተናውን ቅጽ በእጁ ይዞ ወደ አውሮፕላኑ ገባ።

*

ከተነሱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗቸዋል። በግራ ወንበር ካፒቴኑ፣ በቀኝ ወንበር ረዳት አብራሪዋ፣ ከኋላቸው ባለችው ጠባብ የታዛቢ ወንበር ላይ ፈታኙ። ከታች ውቅያኖስ ነው፣ ግን አይታይም፤ ወተት የመሰለ ስስ ጉም መስኮቶቹን ሸፍኗቸዋል። ሞተሮቹ አንድ ዓይነት ድምፅ ብቻ ያሰማሉ።

ካፒቴኑ ከደረት ኪሱ መሃረብ አውጥቶ የራዳሩን ስክሪን ጠረገ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሦስተኛው ነው።

«እዪው እስቲ» አለ ረዳት አብራሪዋን፣ «መስታወት! ባዶ ሰማይ። እኔ ደግሞ ንጹሕ ነገር ነፍሴ ነው።»

ፈታኙ አንገቱን ትንሽ ሰገግ አደረገና አየ። ያየው ግን ስክሪኑን ሳይሆን ከስሩ ያለችውን ትንሽ ቁጥር ነበር።

ራዳር የሚያየው ውሃን ነው። የማዕበል ደመና ውሃው ያለው ሆዱ ውስጥ ነው፤ አናቱ ደረቅ በረዶ ስለሆነ ለራዳር እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ከፍ ብሎ የሚበር ሰው የራዳሩን ዓይን ወደ ታች ማዘንበል አለበት፤ ሆዱን እንዲያይ። ወደ ታች ሲያዘነብለው ደግሞ የባሕሩ ሞገድ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይረጭበታል። ካፒቴኑ ያንን ነጠብጣብ አይወድም። ሲነሱ ወደ ላይ ያቀናውን ዓይን አልመለሰውም፤ እንዲያውም ነጠብጣቡ ጨርሶ እንዲጠፋ አንድ ዲግሪ ጨምሮበታል። አሁን ራዳሩ የሚያየው የደመናውን ጠጉር ነው፤ ሆዱን አያይም። በጠዋቱ የአየር ጠባይ ካርታ ላይ ደግሞ፣ ልክ ከፊታቸው ባለው ቦታ፣ ሞላላ ቀይ ክብ ተስሎ ፈታኙ በዓይኑ አይቷል።

የተሰማው ደስታ ነው ወይስ ድንጋጤ፣ ለራሱም አልለየለትም።

ደንቡ ቀላል ነው። ፈታኝ ዝም ብሎ ያያል። ለደኅንነት ሲል አፉን ከከፈተ ግን ፈተናው እዚያው ላይ ያበቃል፤ ተፈታኙ ወድቋል። አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። «ካፒቴን፣ ራዳሩ» ቢል፣ የሥልጠና ኃላፊነቱም፣ ትልቁ ቢሮም፣ ወደ ላይ የሚወጣው ፊርማም አብረው ተነኑ። አፉን ሊከፍት ከንፈሩን አላቀቀ።

«ጥምጥም!» አለ ካፒቴኑ ዞር ሳይል። «ሁሌ ልጠይቅህ እያልኩ እረሳዋለሁ። ለመሆኑ ይሄ ስም ከየት መጣብህ?»

ፈታኙ ከንፈሩን ገጠመ። «ካፒቴን፣ ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት» አለ።

«እኔ?»

«እርስዎ።»

«ተወኝ እባክህ! እኔ ለሰው ስም አወጣለሁ?» ካፒቴኑ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። «መቼ? ምን አድርገህ?»

«ቆይቷል።»

«ሰክሬ መሆን አለበት። ግን ያምርብሃል፤ ሙት፣ ያምርብሃል። አንቺ፣ አያምርበትም?»

ረዳት አብራሪዋ በጨዋ ፈገግታ አለፈችው።

የፈታኙ ጆሮ ጋለ። ሰባት ዓመት። አራት ዓመት በሦስት መስመር፣ አባቱ በሻካራ ክር ላይ ጣታቸውን አድርገው፣ እና ይሄ ሰውዬ ረስቶታል። ቢያስታውሰው፣ «አዎ፣ ሆን ብዬ ነው» ቢለው እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር። አንዲት ቃል ተናግሮ መጣል አነሰው። ሽማግሌው «ራዳሩን ልነካው ስል ነው የቀደመኝ» ብሎ ዕድሜ ልኩን ሲያወራ ይኖራል። አይሆንም። ቀዩን በገዛ ዓይኑ ይየው። ላብ ያጥምቀው። አንድ ጊዜ ደመና አይቶ ይደንግጥ።

ፈታኙ ሰዓቱን አይቶ በማስታወሻው ጫፍ ጻፈው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ፣ በበረራ ሰዓት አቆጣጠር። እርሳሱን አስቀመጠ። እጁን አጣጠፈ። ከዚያም ሁለቱን የትከሻ ቀበቶዎች ቀስ ብሎ አጠበቃቸው።

በሩ ተንኳኳ። እታለም የምሳ ትሪ ይዛ በጎኗ ገባች፤ ሃምሳን ያለፈች፣ ሰፊ፣ ሲርባቸው የሚጠሯት ሁሉ ልጆቿ የሚመስሏት ሴት ናት።

«ካፒቴን፣ የኩባያውን መርዶ ሰማሁ። እግዜር ያጽናዎት።»

«አትቀልጂ እታለም። ሻይ በወረቀት ይጠጣል? ካርቶን ካርቶን ይላል።»

«ተገኝቶ ይሆናል ስንመለስ።»

«የወሰደውን ብቻ ባገኘው!» አለ ካፒቴኑ የወረቀት ኩባያውን እየተቀበለ። «ጆሮ የሌለውን ዕቃ ማን ይሰርቃል? ምን ዓይነት ድሃ ነው?»

እታለም ትሪውን ለፈታኙ ስታቀብል እጇ ትከሻው ላይ አረፈ። አራተኛዋን መስመር በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «ይቺ ከእኔዋ ይልቅ ደህና ተሰፍታለች፣ ወንድሜ» አለችው። ከዚያ ቀና አለችና፣ «ጋሪዎቹን ላውጣ ወይስ ልጠብቅ? ሰዉ ርቦታል፤ ትኩስ ውሃውም ፈልቷል።»

«አውጪ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ካፒቴኑ በመሃረቡ ስክሪኑን እየጠቆመ። «አንድ ጭረት ታያለሽ?»

እታለም ስክሪኑን ሳይሆን ፈታኙን አየችው። ልማዷ ነው፤ አብራሪዎች ሲያወሩ ዝም ያለውን ታያለች። ፈታኙ የትሪውን ክዳን ከፈተ። የዶሮውን ጭን አየው። መልሶ ከደነው።

«ሂጂ በቃ፣ ይበላ» አለ ካፒቴኑ።

ሄደች። በሩ ተዘጋ። ከበሩ ጀርባ የጋሪ መንኮራኩር ሲንቀጫቀጭ ተሰማው። አሁን ተናገር አለው ልቡ። ትንሽ ቆይ አለው ሌላው ልቡ፤ ገና ነው፣ ትንሽ ይቅረብ።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ከፊታቸው መቶ ማይል ርቆ የሚበር የሌላ ድርጅት አውሮፕላን ነው፤ በመንገዱ ላይ ባለ የአየር ጠባይ ምክንያት አርባ ማይል ወደ ቀኝ እየዞረ መሆኑን ለሁሉም አሳወቀ።

ረዳት አብራሪዋ ቀና አለች። «ካፒቴን፣ እኛ በምንሄድበት መንገድ ላይ ነው የዞሩት።»

«ይዙሩ። ነዳጁ የእነሱ ነው።»

«ራዳራችን ምንም አያሳይም ግን።»

«ስለሌለ ነዋ የማያሳየው!»

«ካርታው ላይ ግን ነበረ። እንዲህ ባዶ መሆኑ ነው የጨነቀኝ። የባሕሩ ነጠብጣብ እንኳ የለም።»

«ባዶ መሆኑ አስጨነቀሽ?» ካፒቴኑ ወደ ኋላ ዘወር አለና ለፈታኙ ጠቀሰው። «ሰማህ? ሌላ ዙሪያ ጥምጥም መጣችብን!»

ስሙን በሙሉ ጠራው። ያወጣውን አፉ አልረሳውም፤ እሱ ራሱ ነው የረሳው።

ረዳት አብራሪዋም ዘወር አለች። ሠላሳ የሚሆናት፣ ጥፍሯን እስከ ሥሩ የምትነክስ ልጅ ናት፤ ሦስት መስመር አላት። ፈታኙን አየችው። ያንን አስተያየት ያውቀዋል። ከሰባት ዓመት በፊት እሱም እንዲሁ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር፤ ያን ቀን የታዛቢው ወንበር ባዶ ነበር። ዛሬ ሰው አለበት፣ ልዩነቱ ግን እምብዛም አይደለም። ፈታኙ ዓይኑን ወደ ማስታወሻው ጣለ።

ልጅቷ ወደ ፊት ተመለሰች። አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ካፒቴን፣ ራዳሩን ወደ ታች ላዘነብለው ነው።»

«አቆሽሸሽ ልታሳዪኝ?»

«አዎ» አለችና እጇን ሰዳ አዘነበለችው።

የራዳሩ ጨረር ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ጠረገ። አረንጓዴው ነጠብጣብ መጣ። ቀጥሎ ቢጫው። ቀጥሎ ቀዩ፣ ከዚያም በቀዩ መሃል ያ ወይን ጠጅ ቀለም፣ አብራሪ በሕልሙም ማየት የማይፈልገው፣ ከስክሪኑ ጠርዝ እስከ ጠርዝ። ርቀቱ አሥራ ስምንት ማይል። በእነሱ ፍጥነት ሁለት ደቂቃ ከሩብ ነው።

«የአምላክ ያለህ» አለ ካፒቴኑ በትንሽ ድምፅ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በኋላ ጥሩ አበረረ። የቀበቶውን ምልክት አበራ፤ ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፤ ፍጥነቱን አስተካከለ፤ ረዳት አብራሪዋ በማስታወቂያው ድምፅ ማጉያ «አስተናጋጆች ባሉበት ይቀመጡ!» ብላ ጮኸች። ግን አልደረሱም። የወተቱ ጉም ድንገት ጥቁር ግራጫ ሆነ፤ በረዶ እንደ ጠጠር መስኮቱን ደበደበው፤ ከዚያም ወለሉ ከስራቸው ተነሳ። አውሮፕላኑ ወደ ላይ ተወረወረ፣ ተለቀቀ፣ ደግሞ ተወረወረ። የወረቀቱ ኩባያ ጣሪያ መታ፤ ሻዩ በካፒቴኑ ነጭ ሸሚዝና በንጹሑ ስክሪን ላይ ዘነበ። የምሳ ትሪው ከፈታኙ ጭን ተነስቶ የሆነ ቦታ ሄደ።

ፈታኙ በዚያ ሁሉ መሃል አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያየው፤ የካፒቴኑን አንገት። ከሽበቱ ስር፣ ከኮሌታው በላይ፣ ላቡ በጅረት ይወርዳል። ሰውየው ደነገጠ! ደመና አይቶ ደነገጠ! የፈታኙ አንጀት ቅቤ ጠጣ። አራት ሰከንድ ያህል፣ ምናልባት አምስት፣ ከዚህ የሚጣፍጥ ነገር በዓለም ላይ ያለ አልመሰለውም።

ከሦስት ደቂቃ በኋላ ከደመናው ጠርዝ ወጡ። የፀሐይ ብርሃን ክፍሉን ሞላው። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ስምንት ነበር።

የውስጥ ስልኩ ጮኸ። ረዳት አብራሪዋ አነሳችው። አዳመጠች። «ስንት ሰው?» አለች። «ተሳፋሪ?» ደግሞ አዳመጠች። ከዚያ ስልኩን እንደያዘች ዘወር አለች።

«ተሳፋሪዎቹ ደህና ናቸው፤ ሁለት ሰው ጭንቅላቱን ተመቷል፣ ቀላል ነው። እታለም ግን ጋሪው ወድቆባታል። እግሯ ተሰብሯል። ትኩስ ውሃውም...»

*

ማዶ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ተሳፋሪው በጸጥታ ወረደ። እታለም በቃሬዛ ስትወጣ ፈታኙ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ እግሯ በሰሌዳ ታስሯል። ፊቷ አመድ መስሏል። አየችውና ቃሬዛውን የያዙትን ሰዎች አስቆመቻቸው።

«ወንድሜ፣ አንተ ቀበቶህን አስረህ ነበር?»

«አስሬ ነበር፣ እታለም።»

«ጎሽ» አለች። «ጎሽ፣ የእኔ ልጅ።» ወሰዷት።

ያ እጅ ነው የሰፋለት። ፈታኙ ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ተመልሶ በሩን ከውስጥ ዘጋ። ካፒቴኑ ሻይ የደፋበትን ሸሚዝ እንደለበሰ በወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ረዳት አብራሪዋ የበረራ መዝገቡን ትሞላለች። ፈታኙ በታዛቢው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፣ ጻፈ። ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ሲጨርስ ለካፒቴኑ አቀበለው።

«ያንብቡና ይፈርሙ።»

ካፒቴኑ መነጽሩን አደረገ። የመጀመሪያዋ መስመር ላይ «ተፈታኙ አላለፉም» ይላል። ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ የጠበቀው ነው። ሁለተኛዋን ጮክ ብሎ አነበባት፤ «ረዳት አብራሪዋ ደመና ሲያዩ የሚያደርጉትን ያውቃሉ፤ ለአዛዥነት በስለዋል።» ረዳት አብራሪዋ እስክሪብቶዋን አቆመች። ካፒቴኑ ሦስተኛዋን ማንበብ ጀመረና ድምፁ ጠፋ። በከንፈሩ ብቻ ጨረሳት። እንደገና ከላይ ጀመራት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እንደተጻፈው ነው።»

«"ፈታኙ የራዳሩን ስህተት በአሥራ አንድ ሰዓት ከአሥራ አራት አይቶ፣ ረዳት አብራሪዋ እስክታርመው ድረስ ለዘጠኝ ደቂቃ ሆን ብሎ ዝም ብሏል።"» ካፒቴኑ መነጽሩን አወለቀ። «አይተኸው ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«ጋሪው ሲወጣም?»

«አዎ።»

ረዳት አብራሪዋ ፈታኙን አየችው፤ በዚህኛው አስተያየቷ ላይ እርዳታ ፍለጋ አልነበረም። መዝገቡን ከድና ተነስታ ወጣች።

ካፒቴኑ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ልጄ። ይህቺን መስመር ከጻፍክ ፈታኝነትህ አበቃ። ምናልባት ጭራሹን አትበርም። ማን ጠየቀህ? ማንም አላየህም። አንተ የእኔን "አልፈዋል" በላት፣ የራስህን ሰርዛት፤ ማዕበሉ ድንገተኛ ነበር እንላለን፤ ውቅያኖስ ነው፣ ይከሰታል። ሁለታችንም ቤታችን እንገባለን።»

«ልጅቷስ?»

«ለልጅቷ እኔ አውቅላታለሁ። የሥልጠና ኃላፊ ስሆን...»

«ይፈርሙ፣ ካፒቴን።»

«እኔን መጣል ፈልገህ ከሆነ ጥለኸኛል! ይኸው፣ ወድቄያለሁ! የራስህን አንገት ምን አስገባህ?»

ፈታኙ እስክሪብቶውን ዘረጋለት። ካፒቴኑ እብድ እንደሚታይ አየው። ከዚያ ፈረመ። ፊርማው እንደ ወትሮው ወደ ላይ ሊወጣ ጀመረና መሃል ላይ ተንሸራተተ።

ፈታኙ ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ቦርሳውን ከወንበሩ ስር ጎተተ። በዚያ ሁሉ መናወጥ ተሰብሯል ብሎ ነበር፤ ካልሲውን ሲፈታው ግን ደህና ነው። በካፒቴኑና በራዳሩ መሃል፣ ሻይ የደረቀበት ጠርዝ ላይ፣ ሥዕሉን ወደ ሽማግሌው አዙሮ አስቀመጠው።

ካፒቴኑ ኩባያውን አየ። ፈታኙን አየ። ኩባያውን አነሳው፣ አገላበጠው፣ የተሰበረውን ጆሮ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ስለ ፈተናው ያልተንቀጠቀጠው ከንፈሩ አሁን ተንቀጠቀጠ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ኩባያዬን? ሌላውን ሁሉ እሺ፣ ገባኝ እንበል። ይሄን ግን...» ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ዓይኑን አጨነቆረበት፤ አውሮፕላኑን፣ ደመናውን፣ የተቆለፈችውን ጭራ። ምንም አልመጣለትም። «ምን አደረግኩህ? ይሄን ብቻ አስረዳኝ።»

ፈታኙ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠለጠለ፤ አራተኛዋ መስመር ማሰሪያው ስር ገባች። በሩን ከፈተ።

«አላስረዳም» አለ።